ሸሪዳን አንደርሰን፦ ገደልንና ወንዝን በካርቱን ያስረዳ ሰው

የዓሣ ማጥመጃ ክር ከመንጠቆ ጋር የሚታሰርበትን ቋጠሮ በቃላት ብቻ ለማስረዳት ልሞክር። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ዓይን አሳልፈው ወደ ራስዎ ይመልሱታል፤ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ያህል ይጠመጥሙታል፤ ከዚያም ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በቀረችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ መልሰው ያስገቡታል፤ ይህን ሲያደርጉ ሌላ ሰፋ ያለ ቀለበት ስለሚፈጠር ጫፉን በእርሱም ውስጥ ያሾልኩታል፤ በመጨረሻም ክሩ እርስ በርሱ ሲፋተግ ግሎ እንዳይዳከም በምራቅ አርሰው ቀስ እያሉ ያጠብቁታል። ከዚህ ገለጻ ውስጥ የተሳሳተ ነገር የለም፤ ይሁን እንጂ ይህን ብቻ አንብቦ ቋጠሮውን በመጀመሪያ ሙከራው የሚያስር ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ጣትና ክር የሚያሳዩ አራት ትንንሽ ሥዕሎች ግን ጉዳዩን በግማሽ ደቂቃ ይጨርሱታል።

ሸሪዳን አንደርሰን ይህን ልዩነት ጠንቅቆ የሚያውቅ አሜሪካዊ ካርቱኒስት ነበር። በ1936 ተወልዶ በ1984 ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ያረፈ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ስሙ ዛሬም በፍቅር የሚነሳው እርስ በርሳቸው እምብዛም በማይገናኙ ሁለት ወገኖች ዘንድ ነው፤ አንደኞቹ ቀጥ ያለ ገደል በገመድ የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከላባና ከክር በተሠራ ዝንብ ዓሣ የሚያጠምዱ ናቸው። የገደል ወጪዎቹ በዋነኝነት የሚያውቁት «ሰሚት» በተባለው የካሊፎርኒያ መጽሔት ላይ በወጡት ካርቱኖቹና በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሮያል ሮቢንስ ጽፎ በ1971 እና በ1973 ባሳተማቸው ሁለት የገደል አወጣጥ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ባሉት ሥዕሎቹ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ግን የሚያስታውሱት በአንድ መጽሐፍ ነው፤ በ1978 በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ የታተመውና «ዘ ከርቲስ ክሪክ ማኒፌስቶ» የተሰኘው ይህ መጽሐፍ 48 ገጽ ብቻ አለው፤ ከዳር እስከ ዳር በሥዕልና በእጅ ጽሕፈት የተሞላ ነው። በ1980 ደግሞ ጓዝን በጀርባ ተሸክሞ ዱር ለዱር ስለመጓዝ ተመሳሳይ መጽሐፍ አውጥቷል፤ የዝናው መሠረት ግን የዓሣው መጽሐፍ ነው።

ታዲያ አንድ የካርቱን ሰዓሊ እነዚህን ሁለት ወገኖች እንዴት ሊያስተሳስር ቻለ? መልሱን ለመረዳት ገደል መውጣትና በዝንብ ማጥመድ የሚጋሩትን አንድ እንግዳ ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም የሚፈለገውን ነገር በቀላሉ ማግኘት እየተቻለ ሆን ተብሎ በከባዱ መንገድ የሚከናወኑ ተግባራት ናቸው። በካሊፎርኒያ የዮሰሚቲ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው ኤል ካፒታን የተባለው የግራናይት ገደል ከመሬት ወደ 900 ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ አናቱ ላይ መድረስ የሚሻ ሰው ግን በጀርባው በኩል በተጠረገው የእግር መንገድ መሄድ ይችላል። ዓሣም ቢሆን በመረብ ይያዛል፤ በትል ይያዛል፤ ከገበያም ይገዛል። ክብደት በሌላት የላባ ዝንብ የሚያጠምደው ሰው ብዙ ጊዜ ከብዙ ድካም በኋላ የያዘውን ዓሣ መልሶ ወንዙ ውስጥ ይለቀዋል።

ውጤቱ ዋና ጉዳይ ካልሆነ አኳኋኑ ዋና ጉዳይ ይሆናል፤ አኳኋኑ ዋና ከሆነ ደግሞ ሕግ ይወጣል፤ ሕግ ከወጣ ጠብ ይከተላል። ማንም ያላዘዛቸውን ሕግ በራሳቸው ላይ ጥለው፣ ስለዚያ ሕግ ወንድማማቾች እስኪኳረፉ ድረስ የሚከራከሩ ሰዎች ለካርቱኒስት የተዘጋጀ ማዕድ ናቸው። አንደርሰን ግን ከውጭ ሆኖ የሚስቅባቸው አልነበረም፤ ገመዱንም ዘንጉንም የያዘ፣ የእብደቱ ተካፋይ የሆነ ሰው ነበር። ቀልዱ ያላስቀየማቸው፣ ይልቁንም ያስወደደው፣ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ወደ ገደሉ እንሂድ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ዮሰሚቲ የዓለም ገደል ወጪዎች ዓይን ያረፈበት ቦታ ሆነ። በ1957 ሮቢንስና ሁለት ጓደኞቹ በዚያው ሸለቆ የሚገኘውን የሃፍ ዶም ገደል ሰሜን ምዕራብ ግድግዳ በአምስት ቀን ወጡት። በማግስቱ ዓመት ዋረን ሃርዲንግና ባልደረቦቹ ኤል ካፒታንን «አፍንጫ» በተባለው መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ፤ ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ በተዘረጋ ጊዜ ውስጥ 45 ቀን ያህል የገደል ላይ ድካም ጠይቋል። እነዚህ ሰዎች ያድሩ የነበረው ካምፕ 4 በተባለው ድንኳን መትከያ ነው። ወጣቶቹ ብዙዎቹ ሥራም ገንዘብም አልነበራቸውም፤ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ እየቆዩ ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋር ድብብቆሽ ይጫወቱ ነበር። ይኸው አቧራማ ቦታ በ2003 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ በዚያ ዘመን ለነበሩት ጠባቂዎች ይህን የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ለቀልድ ይወስዱት ነበር።

«ሰሚት» መጽሔትም የራሱ ታሪክ አለው። በ1955 የመሠረቱት ሁለት ሴቶች፣ ጂን ክሬንሾና ሄለን ኪልነስ፣ በዘመኑ ተራራ የወንዶች ነገር ተደርጎ ይታይ ስለነበር ጾታቸው ከስማቸው ወዲያው እንዳይታወቅ አድርገው በመጽሔቱ ላይ ይጽፉት ነበር። ከካሊፎርኒያ ተራሮች መካከል ካለው ቤታቸው የሚያወጡት መጽሔት ስለ አዲስ መስመሮችና ስለ አደጋዎች ከሚቀርቡ ቆፍጣና ጽሑፎች ጎን ለአንደርሰን ካርቱኖች ቦታ ሰጠ። አንባቢው ስለ ጀግንነት አንብቦ ገጹን ሲገልጥ፣ ያው ጀግና አፍንጫው ረዝሞ፣ ጉልበቱ እየተብረከረከ፣ ዕቃው በላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል።

በዚያ ዘመን የነበረውን ትልቁን ክርክር ለመረዳት ስለ አንድ ብረት ማውራት ግድ ነው። ገደል የሚወጣ ሰው ቢወድቅ ገመዱ ይይዘው ዘንድ በየጥቂት ሜትሩ ከዓለቱ ጋር መያያዝ አለበት። ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ የሚደረገው ፒቶን በተባለ የብረት ችንካር ነበር። ችንካሩ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ ይመታል፤ ከኋላ የሚከተለው ሰው ወዲህና ወዲያ እየደበደበ ያወጣዋል፤ ከዚያም በሚቀጥለው ቦታ እንደገና ይመታል። በአንድ ጊዜ ጉዳቱ አይታይም። አንድ መስመር በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ሲወጣ ግን በቀጭኑ ስንጥቅ ላይ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተደርድረው ይቀራሉ። ግራናይት ቁስሉ አይድንም።

መፍትሔው የመጣው ከእንግሊዝ ነው። በዚያ የነበሩ ወጪዎች በባቡር ሐዲድ ዳር ወድቆ የሚያገኙትን ዳዶ፣ አዎን፣ በማንኛውም ጋራዥ የሚገኘውን የብሎን ዳዶ፣ ጥርሱን ሞርደው ገመድ ያስገቡበት ነበር። ዳዶው ሰፊ በሆነው የስንጥቁ ክፍል በእጅ ይገባና ወደ ታች ሲሳብ ስንጥቁ በሚጠብበት ቦታ ይሸጎራል። መዶሻ አያስፈልገውም፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ወደ ላይ ገፋ ሲያደርገው ይወጣል፤ ዓለቱም እንደነበረ ይቀራል። ሮቢንስ በ1966 እንግሊዝ ሄዶ ይህን አይቶ ሲመለስ ለአሜሪካውያን መስበክ ጀመረ፤ ስብከቱም በ«ሰሚት» ላይ ወጣ። ኋላ ፓታጎንያ የተባለውን የልብስ ኩባንያ የመሠረተው ኢቮን ሹናርድ፣ ራሱ ችንካር ቀጥቅጦ በመሸጥ የሚተዳደር ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1972 በዕቃ ዝርዝሩ ላይ ደንበኞቹ ችንካሩን ትተው በእጅ የሚገባውን እንዲጠቀሙ መከረ።

አንደርሰን ሥዕል የሠራላቸው የሮቢንስ መማሪያዎች የወጡት በዚህ የለውጥ ወቅት ነው። እዚህ ላይ የሥዕልን ጥቅም ልብ ማለት ይገባል። ዳዶ ሲገባ ዋናው ነገር ብረቱ ሳይሆን ስንጥቁ ነው፤ የስንጥቁ ጥበትና ስፋት፣ የሚሳብበት አቅጣጫ፣ ብረቱ ዓለቱን የሚነካበት የገጽ ስፋት። ፎቶግራፍ ይህን ለማሳየት ይቸገራል፤ ምክንያቱም ፎቶግራፍ የዓለቱን ጥላ፣ ሣሩን፣ የእጁን ቆሻሻ ሁሉ እኩል ያሳያል። ሰዓሊው ግን አስፈላጊውን መስመር ብቻ ያስቀራል፤ የማያስፈልገውን ነጭ አድርጎ ይተወዋል። ካርቱን ደግሞ ከተራ ሥዕል አንድ እርምጃ ይሄዳል። አስፈላጊውን ነገር ከልክ በላይ ያገንነዋል፤ ስህተቱንም ከልክ በላይ ያገንነዋል። ዳዶውን በግድየለሽነት ያስገባ ሰው በአየር ላይ አፉን ከፍቶ ሲወርድ ያየ ተማሪ፣ ስንጥቁን ደግሞ ሳያይ እጁን አይሰድም።

ክርክሩ በችንካር ብቻ አላበቃም። በ1970 ሃርዲንግና ዲን ኮልድዌል በኤል ካፒታን ላይ 27 ቀን ያህል ተንጠልጥለው አዲስ መስመር ወጡ፤ ፓርኩ የነፍስ አድን ቡድን ሊልክላቸው ሲሞክር አንፈልግም ብለው መለሱት። ስንጥቅ በሌለበት ሁሉ ዓለቱን በስተው ብሎን እየተከሉ ነበርና፣ ይህ ያበሳጨው ሮቢንስ በማግስቱ ዓመት ከአንድ ጓደኛው ጋር በዚያው መስመር እየወጣ ብሎኖቹን መቁረጥ ጀመረ። የሚገርመው የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥቂት እንደወጣ መስመሩ እጅግ ጥሩና ከባድ መሆኑን አይቶ መቁረጡን ተወ፤ በቀሪዎቹ ብሎኖች እየተያያዘም አናቱ ላይ ደረሰ። ሰው ሊፈርድ ወጥቶ ሲያደንቅ የተመለሰበትን ይህን ታሪክ ሳነብ፣ እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ቀልደኛ ባይኖረው ኖሮ እርስ በርሱ ተጨራርሶ ነበር እላለሁ። ሮቢንስ ኮስታራ፣ ሥርዓት ወዳድ ሰው ነበር፤ ሃርዲንግ ደግሞ የወይን ጠጅ ጠርሙሱን የማይለይ፣ በሕግ የሚያላግጥ። አንደርሰን ለኮስታራው ሰው መጽሐፍ የቀልድ ሥዕል መሥራቱ፣ ኮስታራውም ያንን መፍቀዱ፣ ስለ ሁለቱም መልካም ነገር ይናገራል።

አሁን ወደ ወንዙ እንውረድ፤ የአንደርሰን የማስረዳት ችሎታ ሙሉ በሙሉ የታየው እዚያ ነውና።

በተለመደው የዓሣ ማጥመድ ዘዴ በክሩ ጫፍ ላይ ክብደት ይታሰራል፤ ክብደቱ ሲወረወር ቀጭኑን ክር እየጎተተ ይሄዳል፤ ድንጋይ በክር አስሮ የመወርወር ያህል ቀላል ነው። የዝንብ ማጥመድ ችግር የሚጀምረው ዝንቧ ምንም ክብደት የሌላት በመሆኗ ነው። ከዶሮ አንገት ላባና ከክር፣ በትንሽ መንጠቆ ላይ የተሠራች ናት፤ በእጅ ብትወረውሯት እግራችሁ ሥር ትወድቃለች። ስለዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ክብደት የሚኖረው ክሩ ራሱ ነው። ወፍራም፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ልዩ ክር ይዘጋጃል፤ በተለምዶ ለትራውት ዓሣ የሚመረጠው አምስት ቁጥር ክር የመጀመሪያው 9 ሜትር ገደማ 9 ግራም ያህል ይመዝናል። ዘንጉ የሚወረውረው ይህንን ክር ነው፤ ዝንቧ ጫፉ ላይ ተሳፋሪ ብቻ ናት።

ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት ከማንም በላይ የሚቀል ይመስለኛል፤ ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሁሉ መሠረቱን ያውቀዋልና። ጅራፉ ከእጀታው ተነሥቶ እየቀጠነ ወደ ጫፉ ይሄዳል፤ እጅ ድንገት ሲቆም ኃይሉ በገመዱ ውስጥ እየሮጠ ጫፉን ይወረውረዋል። የዝንብ ክርም እንዲሁ ነው፤ ዘንጉ ይፋጠንና ድንገት ይቆማል፤ ክሩ እንደ ተጋደመ ፊደል «ሀ» ዓይነት ጠባብ ቅስት ሠርቶ በአየር ላይ ይዘረጋል። ልዩነቱ ጅራፍ መጮኽ ሲኖርበት ክሩ ግን ፈጽሞ መጮኽ የሌለበት መሆኑ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ክሩን ወደ ኋላ ከወረወረ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ሳይጠብቅ ወደ ፊት መምታቱ ነው። ያን ጊዜ ጅራፉ ይጮኻል፤ ዝንቧም ተበጥሳ ትቀራለች።

አስተማሪዎች ዘንጉ የሚንቀሳቀስበትን ቦታ በግድግዳ ሰዓት ይገልጹታል። አጥማጁ በትልቅ ሰዓት ፊት ቆሞ ራሱ 12 ቁጥር ላይ እንዳለ ያስባል፤ ዘንጉ በፊቱ በኩል 10 ቁጥር ላይ፣ በኋላው በኩል ደግሞ 1 ወይም 2 ቁጥር ላይ ይቆማል። (እኛ 10 ቁጥርን በፈረንጅ ሰዓት ስናይ «አራት ሰዓት» ማለት ስለለመድን፣ ጊዜውን ትቶ የቁጥሩን ቦታ ብቻ ማሰብ ይበጃል።) ከዚያ አልፎ ዘንጉን ወደ ኋላ የጣለ ሰው ክሩ ሣር ውስጥ ይገባበታል፤ ወይም ከኋላው ያለውን ዛፍ ያጠምዳል። ዛፍ ያላጠመደ የዝንብ አጥማጅ በዚህ ዓለም ላይ የለም።

መወርወሩ ግን ከትምህርቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የአንደርሰን መጽሐፍ ከሌሎች የተለየበት ቁም ነገር፣ ዓሣው ሳያይህ ወንዙ ዳር መድረስን ከመወርወር በላይ ማስቀደሙ ነው። ይህን የሚደግፈው የብርሃን ሕግ ስለሆነ ቀረብ ብለን እንየው።

ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ይሰበራል። በዚህ ምክንያት ከውኃ ውስጥ ወደ ላይ የሚያይ ዓሣ ከውኃው በላይ ያለውን ዓለም በሙሉ በራሱ አናት ላይ ባለች አንዲት ክብ መስኮት ውስጥ ታጭቆ ያየዋል፤ የመስኮቷ ስፋት 97 ዲግሪ ገደማ ነው። ከመስኮቷ ውጭ ያለው የውኃ ገጽ እንደ መስታወት የወንዙን ወለል መልሶ ያሳየዋል። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ መስኮቱ ወደ 2.3 ሜትር ስፋት አለው፤ ግማሽ ሜትር ላይ ያለው ደግሞ የዚያን ግማሽ። ከአድማስ አጠገብ ያሉ ነገሮች በመስኮቷ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቀውና ደብዝዘው ይታያሉ፤ አጥማጆች በልምድ እንደሚሉት ከውኃው ገጽ ከ10 ዲግሪ በታች ያለ ነገር ለዓሣው የለም ማለት ይቻላል። ሒሳቡን ብንሠራው፣ ከዓሣው 10 ሜትር የራቀ ሰው ቁመቱ ወደ 1.75 ሜትር እስኪደርስ ድረስ በዚህ መሸሸጊያ ውስጥ ነው። ወደ 5 ሜትር መቅረብ ከፈለገ ግን ራሱን ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች ማድረግ አለበት። ይህም ማለት በጉልበቱ መሄድ ማለት ነው።

ጎልማሳ ሰው፣ ውድ ዕቃ አንግቦ፣ በጭቃ ላይ በጉልበቱ ሲድህ ማየት አስቂኝ ነው። አንደርሰንም አስቂኝ አድርጎ ሥሎታል። ሆኖም ቀልዱና ትምህርቱ አንድ ናቸው፤ የፊዚክሱን ሕግ በቀመር ያነበበ ሰው ወንዙ ዳር ሲደርስ ይረሳዋል፤ በሆዱ የሚሳበውን ሰውዬ ያየ ግን ሳያስበው ጎንበስ ይላል። በቀመሩ ላይ ሌላም ይጨመራል። ትራውት በጅረት ውስጥ ፊቱን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙሮ ይቆማል፤ ምግቡን ይዞ የሚመጣለት ውኃው ነውና። ስለዚህ ከታችኛው ወንዝ፣ ከጀርባው በኩል ይቀርቡታል። ጥላ አይጣልበትም። ከዳር ዳር ያለው መሬት ላይ በኃይል አይረገጥም፤ ዓሣ በጎኑ ላይ በተዘረጋ የስሜት መስመር ንዝረትን ያውቃል።

ዝንቧ በትክክል ወድቃ፣ ዓሣውም ሳይደነግጥ አሁንም ነገሩ ሊበላሽ ይችላል። የወንዝ ውኃ በሁሉም ቦታ እኩል አይሮጥም፤ መሐሉ ይፈጥናል፣ ከድንጋይ ኋላ ይተኛል። ክሩ ፈጣኑ ላይ ዝንቧ ዘገምተኛው ላይ ካረፉ፣ ክሩ ዝንቧን ይጎትታታል፤ እርሷም እንደ ጀልባ ውኃውን እየሰነጠቀች ትሄዳለች። እውነተኛ ነፍሳት እንዲህ አይሄዱም። ትራውት ይህን ለይቶ ይተዋታል። መድኃኒቱ ክሩ እንዳረፈ ወዲያውኑ በዘንጉ ጫፍ ወደ ላይኛው ወንዝ ገልበጥ ማድረግ ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ያህል ዝንቧ በነፃነት ትንሳፈፋለች፤ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው።

የነፍሳቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሰፊ ትምህርት ነው። ባጭሩ፣ ትራውት ከሚመገባቸው መካከል ሜይፍላይ የተባሉት ለብዙዎቹ አንድ ዓመት ያህል በሚቆይ ዕድሜ ውስጥ በወንዙ ወለል በድንጋይ ሥር ይኖራሉ፤ ከዚያም ወደ ላይ ተንሳፍፈው ክንፍ ያወጣሉ፤ ከክንፍ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው ሰዓታት ወይም አንድ ሁለት ቀን ነው። አጥማጁ የሚሠራት ዝንብ ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱን ታስመስላለች። የላቲን ስማቸውን ማወቅ የሚያኮራቸው አጥማጆች ሞልተዋል። በእንግሊዝ አገር በውኃ ገጽ ላይ የምትንሳፈፍ ዝንብ ብቻ ናት የጨዋ ሰው ዝንብ የሚሉና በውኃው ውስጥ የምትሰምጠውም ትፈቀድ የሚሉ ወገኖች ለአሥርት ዓመታት ተከራክረው፣ በ1938 በለንደን የዝንብ አጥማጆች ክበብ ውስጥ መደበኛ ሙግት ገጥመዋል። ጦርነት ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው ይህ የሆነው።

አንደርሰን የገባው እንዲህ ባለ ሥነ ሥርዓት የተጫነበት ዓለም ውስጥ ነው። የዝንብ ማጥመድ መጻሕፍት በአብዛኛው ወፍራም፣ በትዝታ የተሞሉ፣ ለጀማሪ በር የሚዘጉ ነበሩ። እርሱ ግን ማኒፌስቶ የሚል የፖለቲካ ስም ለ48 ገጽ የካርቱን መጽሐፍ ሰጠ፤ ስሙ ራሱ ቀልድ ነው። ዕቃ ምን እንደሚገዛ፣ ቋጠሮው እንዴት እንደሚታሰር፣ ክሩ እንዴት እንደሚወረወር፣ ውኃው እንዴት እንደሚነበብ፣ ዓሣው የት እንደሚቆም፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ገብቷል። የማተሚያ ቤት ፊደል የለበትም ማለት ይቻላል፤ ቃላቱን የጻፋቸው ሥዕሉን የሠራው እጅ ነው፤ ስለዚህ ዓይን ከቃል ወደ ሥዕል ሲሸጋገር አይደናቀፍም። ዋናው ትምህርት በአንድ ዓምድ ሲሄድ፣ ሽሙጡ በጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ይሾልካል። ሦስተኛ ጊዜ ያነበበ ሰው ገና ያላየውን ቀልድ ያገኛል፤ ቀልዱን ፍለጋ ሲመለስም ትምህርቱን ሳይወድ ይደግመዋል።

በዚህ መጽሐፍ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ገጹ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ይታጨቃል፤ ዓይኑ ለደከመ አንባቢ ያ የእጅ ጽሕፈት ፈተና ነው። ደግሞም ቀልዱ የዘመኑ ነው፤ የ1970ዎቹ የአሜሪካ ወንዶች ሳቅ በሁሉም ቦታ ለዛሬ አንባቢ አይጣፍጥም። የማስረዳት አሠራሩ ግን አላረጀም። የካርቦን ዘንጎች መጡ፣ ክሮች ተሻሻሉ፣ ዋጋቸውም ጣራ ነካ፤ ትራውት ግን ያችኑ ክብ መስኮት ይዞ እዚያው አለ።

ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ጭራሽ ሩቅ አይደለም። ትራውት የአገራችን ተወላጅ ዓሣ ባይሆንም፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለቋል፤ በዲንሾ አካባቢ በዌብና በዳንካ ወንዞች ዝንብ የሚወረውሩ ሰዎች የሚሄዱት ስለዚህ ነው። በዚያ ደጋ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዝ ዳር የሚሄድ ሰው በሰማዩ ላይ እንደ ምሰሶ ይታያል። ጠፍጣፋው ሣርና የጠራው ውኃ በጉልበቱ የሚድኸውን የአንደርሰንን ሰውዬ የግድ ይፈልጉታል።

አንደርሰን መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የኖረው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። ሮቢንስ እስከ 2017 ኖሯል፤ ሃርዲንግ በ2002 አርፏል። ሹናርድ ደግሞ ከገደሉ ይልቅ ወንዙ እየሳበው ሄዶ፣ በስተርጅናው ማሽከርከሪያ የሌለው ቀላል ዘንግ ይዞ ስለማጥመድ በ2014 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር መጽሐፍ ጻፈ፤ ችንካሩን ለዳዶ የተወው ሰው በወንዙም ዕቃ መቀነስን መረጠ። የአንደርሰን 48 ገጾች ደራሲያቸው ከሞተ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በድጋሚ እየታተሙ በአሜሪካ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መደብሮች ውስጥ፣ በከባድ ወረቀት ከታተሙት ባለ ቀለም ፎቶግራፍ መጻሕፍት ጎን ተደርድረው ተሸጠዋል። ልጁን ወደ ወንዝ ሊወስድ ያሰበ አባት ከሁለቱ የትኛውን አንሥቶ እንደሚወጣ ሻጮቹ ያውቃሉ።